አራተኛውና ሰባተኛው ብርጭቆ

ሥራዬ መቅመስና መጻፍ ነው። ተኪላና መዝካል የሚባሉትን የሜክሲኮ አረቄዎች በሚያስመጣ ቤት ውስጥ ከአጎቴ ጋር እሠራለሁ፤ አራት ዓመት ሆነኝ። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ጎረቤታችን እስከ ዛሬ ድረስ ደረጃው ላይ ባገኘኝ ቁጥር ዛሬስ በእግርሽ ነው የመጣሽው ወይስ ተሸክመውሽ ይለኛል። እኛ ግን አንዲት ጠብታ አንውጥም። አፋችን ውስጥ አንከባልለን ባልዲ ውስጥ እንተፋለን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምረን ከምሳ በፊት እንጨርሳለን። ሽቶ አንቀባም፤ ሽንኩርት በልተን አንመጣም፤ ጉንፋን የያዘው ሰው እስኪሻለው ድረስ በዚያ በር አይገባም።

ሁለቱም መጠጦች የሚወጡት ከአንድ ወገን ተክል ነው፤ ቅጠሉ ሰይፍ የመሰለ፣ ቃጫ የሚፋቅበት ተክል ዘመድ። ለተኪላ የተክሉን እምብርት በእንፋሎት ያበስሉታል። ለመዝካል ደግሞ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ድንጋይ አግለው፣ አፈር አልብሰው ለቀናት ይቀብሩታል። ስለዚህ መዝካል ጭስ ጭስ ይላል። ይህን ለመለየት ቀማሽ መሆን አያስፈልግም፤ ከመንገድ የተጠራ ሰውም ይለየዋል።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ ሠራተኛው ሁሉ ደግሞ አፍንጫው ይለዋል፣ ፊት ለፊቱ ጭምር፣ እሱም ደስ ይለዋል። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ማሽተትንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ብርጭቆውን ከአገጬ ሥር ይዤ፣ አፌን ገርበብ አድርጌ፣ በዝግታ ወደ ላይ ማምጣትን። መጀመሪያ በቀኙ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ በግራው። ጠብታ መዳፍ ላይ አድርጎ ማሸትን፣ አልኮሉ በንኖ ሲያልቅ የቀረውን ማሽተትን። አፍንጫ ሲደክም የራስን ክንድ ማሽተት ነው፤ ዜሮው አንቺ ነሽ፣ ቁጥሩ ከአንቺ ነው የሚጀምረው ይለኝ ነበር።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። በየፊታችን ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ወረቀቶች ተደርድረዋል። የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ጠርሙሶቹን እኛ በማናይበት ክፍል ከፍተው ቀድተው በሁለት ትሪ ይልኩልናል። የብርጭቆው ቁጥር እግሩ ሥር ተለጥፏል። እያንዳንዳችን የራሳችንን ብርጭቆ በየወረቀቱ ላይ እናስቀምጣለን፤ ከዚያ በኋላ መነጋገር የለም። እኔ መጀመሪያ የምጽፈው በደብተሬ ላይ ነው። አምስተኛው ብርጭቆ ላይ ስንደርስ ሩብ ሰዓት እናርፋለን። ጋሼ ጉልበቱን ስለሚያመው ከወንበሩ አይነሳም። እኔን ግን ወደ ጓሮ ይልከኛል፣ ውጪና አፍንጫሽን አስተንፍሺው ይለኛል። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ጨርሰንም ብርጭቆዎቹን አጥቤ ስመለስ እዚያው ነው የማገኘው።

መጨረሻ ላይ ወደ ንጹሕ ወረቀት እገለብጣለሁ፤ ጋሼ ያርምልኛል፤ የሱንና የኔን ይዞ ለእትዬ ይሰጣል። የሱን አይቼው አላውቅም። የፈራሚ ቀማሽ ወረቀት ለጀማሪ አይታይም፤ የቤቱ ደንብ ነው። ለደንበኞች በሚታተመው ካታሎግ ላይም ነጥብና ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚወጣው።

ጀማሪ ፈራሚ የሚሆነው የሚያስተምረው ፈራሚ ደርሷል ሲልና እትዬ ሲያጸድቁት ነው። ከዚያ የራሱ ክፍል፣ የራሱ ጠረጴዛ ይሰጠዋል፤ በወረቀቱም ግርጌ ፊርማው ይሰፍራል። በየዓመቱ በአንድ ወር ነው የሚወሰነው። ሦስት ጊዜ አለፈኝ። ሦስቱንም ጊዜ ጋሼ ትከሻዬን ይዞ፣ እኔማ ለምኜላቸው ነበር ሚጡ፣ እትዬ ናቸው ገና ናት ያሉት አለኝ። እኔም አመንኩት፤ እንዲያውም አጽናናሁት።

ሲያርመኝ እንዲህ ነበር የሚያርመኝ። በወረቀቴ ላይ ዝናብ የነካው ኖራ ቅብ ግድግዳ ብዬ ጽፌ ከሆነ ብዕሩን ቃሉ ላይ ያሳርፍና፣ የምን ኖራ? እርግጠኛ ነሽ? እኔ አላገኘሁትም፣ እስቲ እንደገና አሽቺው ይላል። እንደገና አሸታለሁ። ተጠራጥሮ የሚያሸት ሰው የሚሸተው ጥርጣሬው ነው፤ ኖራው ይጠፋል። ተረት እየጻፍሽ ነው ይለኛል። እሰርዘዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ወረቀቶቼ ውስጥ አዲስ የትምህርት ቤት ቦርሳ ነበር፣ ተልጦ ያደረ የካሮት ልጣጭ ነበር፣ የተዘጋ ቤት መሳቢያ ነበር። ከዓመት በኋላ ደብተሬ እንደ ድሮው ቢሆንም ንጹሑ ወረቀት ግን ተላጨ። ጭስ። ፍራፍሬ። ትንሽ ጨው። በቃ።

ስህተቱን የሠራሁት ማክሰኞ ዕለት ነው። ውሳኔው የሚሰጥበት ወር ስለነበር ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ነበር። ብርጭቆዎቼን ስደረድር አራተኛውን ሰባት ቁጥር ላይ፣ ሰባተኛውን አራት ቁጥር ላይ አስቀመጥኩ። የማነበው የወረቀቱን ቁጥር ስለሆነ አላወቅኩም። ደብተሬ ላይ አራት ብዬ ጭሱን፣ የራሰውን ኖራ፣ አዲስ ቆዳ ጻፍኩ። ሰባት ብዬ ደግሞ ቫኒላ፣ የበርሜል እንጨት፣ የካሮት ልጣጭ።

ያን ቀን ጋሼ የጉልበት ሐኪም ቀጠሮ ነበረው። አሥረኛው እንዳለቀ፣ እኔ የምንተፋበትን ባልዲ ደፍቼ ስመለስ፣ ወረቀቱን ጽፎ ጨርሶ ነበር፤ ለእትዬ ሰጥቶ ሄደ፤ የኔን ነገ አርምልሻለሁ ብሎኝ። ብርጭቆዎቹን ላጥብ ሳነሳ ነው እግራቸው ሥር ያለውን ቁጥር ያየሁት። ክው አልኩ። ወዲያው ንጹሑ ወረቀት ላይ አራትንና ሰባትን ወደየቦታቸው መለስኳቸው። ደብተሩን አልነካሁትም፤ ከኔ በቀር ማን ያየዋል ብዬ። የሚያርመኝም ስላልነበረ ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ሳልሰርዝ፣ ገለበጥኳቸው። በምሳ ሰዓት እትዬ ራሳቸው ብቅ አሉ። አጎትሽ ወጣ እንዴ፣ በይ ስጪኝ ብለው ወሰዱት።

በማግስቱ ጠዋት ቢሯቸው አስጠሩኝ። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። እትዬ ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ሲከፋቸው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ። ያን ቀን ብዙ ጠረጉት።

አጎትሽ በሃያ ዓመት ሥራው እንዲህ ስቶ አያውቅም አሉኝ። አራተኛው ተኪላ ነው፣ ጭስ የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም፤ እሱ ግን ጭስ ብሎ ጽፏል። ሰባተኛው መዝካል ነው፤ እሱ ቫኒላ ይላል። የኔ ወረቀት ደግሞ ትክክል ነው።

«ትክክል መሆኑ ነው የቸገረኝ» አሉ። «ቃሉ አንድ ነው። ከሱ ገልብጠሽ ቁጥሩን ብቻ አቃንተሻል። የጠርሙሶቹን ዝርዝር ከየት አገኘሽው?»

እኔ ስደነግጥ ቀድሞ የሚጠፋው ድምፄ ነው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ከወረቀቴ ትሰርቃለች፣ ልጅ ናት ግን ይለፏት ሲለኝ፣ አላመንኩትም ነበር።»

ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ። የጋሼን የእጅ ጽሕፈት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ቀጥ ያለ፣ ያማረ፣ ፊደል የሚያስተምር ሰው ጽሕፈት ነው። በዚያ ጽሕፈት ዝናብ የነካው ኖራ ቅብ ግድግዳ ተብሎ ተጽፏል። ተልጦ ያደረ የካሮት ልጣጭ ተብሎ ተጽፏል። እትዬ የቆዩትን ከመሳቢያ አውጥተው ከሥሩ አኖሩልኝ፣ የዓምናውን፣ የካቻምናውን። ተረት ናቸው ተብዬ የሰረዝኳቸው ሁሉ እዚያ ነበሩ። አንዳቸውም አልጠፉም፤ ከኔ ወረቀት እየተነቀሉ የሱ ላይ ሲተከሉ ነበር የከረሙት። የትምህርት ቤቱ ቦርሳ እንኳ ነበረ። እሱ የገዛልኝ ቦርሳ ነው።

እትዬ እስከ ነገ ጠዋት አስቢበትና ምክንያትሽን ይዘሽ ነይ አሉኝ። ምክንያት ከሌለሽ ዕቃሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።

ወደ መቅመሻው ክፍል ስገባ ጋሼ ጨርቅ እያጣጠፈ ነበር። ጉልበቱን ሐኪሙ ምን እንዳለው አልጠየቅኩትም። ከመደርደሪያው ሁለት ጠርሙስ አውርጄ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ አንድ ተኪላ አንድ መዝካል ቀዳሁና ፊቱ አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ጭሱ የትኛው ነው?»

ሳቀ። ዛሬ ደግሞ አስተማሪዋ አንቺ ሆንሽ ወይ አለኝ። አንደኛውን አነሳ፣ እንዳስተማረኝ ከአገጩ ሥር ጀምሮ በዝግታ ወደ ላይ አመጣው። ዓይኖቹ ግን ብርጭቆው ላይ አልነበሩም። በብርጭቆው አፍ ላይ አሻግረው እኔን ነበር የሚያዩት። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አይቶኛል፤ እኔ የአስተማሪ ስስት ይመስለኝ ነበር። ያኔ ገባኝ። ጥሩ ነገር ሲሸተኝ ቅንድቤ ይነሳል፤ ጭስ ሲሆን አፍንጫዬን እሸበሽባለሁ፤ እናቴም ሁልጊዜ ታሾፍብኛለች። እሱ የሚያነበው ደብተሬን ብቻ አልነበረም።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አንደኛውን አስቀምጦ ሁለተኛውን አነሳ። መልሶ አንደኛውን። ቀመሰ፤ ምላሱ ላይ ሁለቱም ያው እሳት ናቸው።

«ምን አድርጌሽ ነው ፊትሽን የምትከለክይኝ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የቀረውን ራሱ ነገረኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ያ ክፉ ጉንፋን ሲለቀው አፍንጫውን ይዞት ሄደ። ሐኪሞቹ ይመለሳል አሉት፤ አልተመለሰም። ሳሙና አይሸተውም። ጠዋት ሸሚዙን ሲለብስ ንጹሕ ይሁን ቆሻሻ አያውቅም። ክንዱን ያሸታል፣ ማንም የለም። ሄጄ እጁን ልይዘው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ግን ትሰርቃለች ያልካቸው ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት።

አንድ ቀን ቃላችን መመሳሰሉ ይታወቃል ብሎ ፈርቶ ነው። ቀድሞ መናገር ነበረበት። እኔ ወጣት ነኝ፣ ወጣት ይማራል፣ እትዬ ይምሩኛል፤ እሱን ግን ማን ይምረዋል? ይህን ሲያስረዳኝ ድምፁ ሥራ እንደሚያስረዳ ሰው ድምፅ ነበር።

«ገና ናት ያሉትስ እትዬ ሳይሆኑ አንተ ነህ?»

«ፈራሚ ከሆንሽ ሌላ ክፍል ትገቢያለሽ» አለ። «እኔ ማንን ልይ?»

ማለዳ እትዬ ስለ አራተኛውና ስለ ሰባተኛው እሱንም ጠይቀውት ነበርና ለመነኝ። ነገ ለእትዬ የጋሼን ብርጭቆዎች ያዛባሁበት እኔ ነኝ በያቸው፣ ከወረቀቱም አይቻለሁ በያቸው፣ እኔ ደግሞ አስምርሻለሁ አለኝ። አስምርሻለሁ ሲል ከልቡ ነበር። ትቼው ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ ልብስ ትተኩሳለች። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ስጀምር ትደነግጣለች፣ ካውያውን ታስቀምጣለች ብዬ ነበር። አላስቀመጠችውም። የሸሚዙን ክንድ ጨርሳ ወደ ኮሌታው አለፈች።

«አውቃለሁ» አለች።

ያወቀችው እዚችው የልብስ መተኮሻ ሰሌዳ አጠገብ ነው። የበር ደወል ጠርቷት ስትወጣ ካውያውን ልብስ ላይ ትታው ሄደች፤ ስትመለስ ቤቱን የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ሞልቶታል፣ ጋሼ ከጎኑ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ያኔ አስምሎ ነገራት። ሦስት ዓመት። እኔ በነዚያ ሦስት ዓመታት ስንት ማታ መጥቼ፣ እማዬ ዛሬም ሰረዘብኝ፣ እኔ እኮ በትክክል ሸትቶኝ ነበር እያልኩ እዚያው ሰሌዳ አጠገብ አለቅሳለሁ። እሷም ፀጉሬን እየደባበሰች፣ እሱ ያውቃል ልጄ፣ እሺ በይው ትለኛለች። እያወቀች።

ያሳደገሽ እሱ ነው አለችኝ። እንጀራው ይኸው አፍንጫው ብቻ ነው፤ በዚህ ዕድሜው ሌላ ምን ይይዛል? አንቺ እጅሽም እግርሽም ሙሉ ነው፣ ሌላ ሥራ አታጪም። ነገ አንዴ ጥፋተኛ ብትባዪ ምን ትሆኛለሽ።

«እማዬ፣ የራሴን አፍንጫ ማመን ትቼ እኮ ነው የኖርኩት።»

«የአንቺ ይመለሳል» አለች። «የሱ አይመለስም።»

ያኔ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ የሚለምን ነገር ነበር፤ የሚያፍርም ነገር ነበር፤ ለኔ ያዘነ ነገር ግን ፈልጌ አጣሁ። ምናልባት ኖሮ ይሆናል። ያን ቀን አላገኘሁትም።

ጠዋት እትዬ ጋ ገባሁ። ሌሊቱን ብዙ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። የተናገርኩት በጣም በቀስታ ስለነበር ድገሚው አሉኝ።

«ሁለት ክፍል ያስቀምጡን። እርስዎ ይቅዱ።»

መነጽራቸውን ሳያወልቁ ቆይተው አዩኝ። ወይ ደፋር ነሽ ወይ ሞኝ አሉና ተነሡ። ጋሼን በመቅመሻው ክፍል፣ እኔን በባዶ ካርቶኖች መካከል በዕቃ ቤቱ አስቀመጡን። ኮሪደሩ ላይ ስንተላለፍ ጋሼ ፊቴን አየኝ። ምን እንዳነበበ አላውቅም።

አሥሩ ብርጭቆዎች ፊቴ ናቸው። የመጀመሪያውን አነሳሁ፤ ምንም። አልኮል ብቻ። አንድ ነገር ብልጭ ሲልልኝ የምን ኖራ የሚለው ድምፅ ይመጣል፤ ብልጭታው ይጠፋል። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። እናቴ የኔ ይመለሳል ስትል ከየት አውቃ ነው ብዬ ተናደድኩ። ብርጭቆውን አስቀምጬ ክንዴን አሸተትኩ፤ ሳሙና፣ የተተኮሰ ጥጥ፣ ላብ። ዜሮው ይህ ነው። ሦስተኛውን ሳነሳ መጣ፤ መጥቶም አልሄደም። ጻፍኩት። ወደ አንደኛውና ወደ ሁለተኛውም ተመልሼ ጻፍኩ። እስከ አሥር ድረስ አንድም ቃል አልሰረዝኩም።

እትዬ በሰዓቱ መጡ። የጋሼን ወረቀት በእጃቸው ይዘዋል። ከአንድ እስከ አሥር በዚያ ባማረ ጽሕፈት ቁጥሮቹ ተጽፈዋል፤ ከጎናቸው ምንም የለም። ግርጌው ላይ ፊርማው አለ።

«ባዶውን ፈርሞ ሰጠኝ» አሉ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ ደክሟቸው ነበር። የኔን ወስደው ከዝርዝራቸው ጋር እያስተያዩ ቆመው አነበቡት፤ አንዳንዱ ቃል ላይ እየቆዩ። ከዚያ ወረቀቱን መለሱልኝና ፈርሚበት አሉኝ። ፊርማ ስለማመድ ብኖርም ሌላ ሰው የፈረመው መሰለ። እንኳን ደስ አለሽ አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ጋሼ ከዛሬ ጀምሮ ቤቱ ሊያርፍ መሆኑን ብቻ ነገሩኝ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ካፖርቱን እየለበሰ ነበር። ይሰድበኛል ወይም ያለቅሳል ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረገም። ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ እየቆለፈ ቆየና፣ የሩቅ ዘመድ ደኅንነት እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ሦስተኛው ምን ነበር?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ጠይቆኝ አያውቅም። አንድ ቀን ጠርቶ ሚጡ አይሸተኝም፣ ምን ይላል ንገሪኝ ቢለኝ ኖሮ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ዕድሜ ልኬን አሸትለት ነበር። ፈራሚ ባልሆን ኖሮም ግድ አልነበረኝም። ይህን እሱም ያውቀዋል፤ ማወቅ ነበረበት።

«አላስታውስም፣ ጋሼ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። የደረጃውን ብረት ይዞ፣ በጤነኛው እግሩ እየጀመረ፣ አንድ በአንድ ወረደ።

ሦስተኛው መዝካል ነበር። ጭሱ ከሩቅ ነው፣ ወንዝ ማዶ ያለ ጭስ። ከጭሱ ሥር ገና ያልተተኮሰ ሸክላ አለ፤ ከሸክላው ሥር የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ። መዳፍ ላይ አሽተው ሲያደርቁት ደግሞ ዝናብ መትቶት ገብቶ ከበር ኋላ የተሰቀለ የሱፍ ካፖርት ይሸታል።